ደጅ ከፍቶ መጠበቅ ወይስ ደጅ ድረስ መሄድ?

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። እኔ ዛሬ ስለ መኪና እጥበት ሥራ ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሣ፣ «መኪና የሌላት፣ ታክሲ ተሰልፋ ቢሮዋ የምትገባ ሴት ስለ መኪና ምን አገባት?» የሚሉኝ አንባቢያን እንደማይጠፉ አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ይህ ጉዳይ ወደ ቤቴ የገባው በመኪና በር ሳይሆን በእናትነት በር ስለሆነ፣ እናቶችና ሠራተኛ እኅቶች ቢሰሙት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ታናሽ እኅቴ በ2011 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዱባይ ስትሄድ የአንድ ዓመት ሕፃን ልጅ ነበረቻት። ልጅቱን ለእናታችን ትታ ሄደች። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ስትመለስ ልጅቱ የ7 ዓመት ልጅ ሆና አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። እኛ እናታችንን «እማዬ» ስንላት እየሰማች ስላደገች፣ እርሷም አያቷን «እማዬ» ትላለች። የወለደቻትን ግን በስሟ ነው የምትጠራት። እኅቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር አይቻለሁ። ከዚያች ቀን በኋላ «ተመልሼ አልሄድም፤ እዚሁ ሠርቼ እኖራለሁ» አለች።

ሥራውንም አስባ ነበር የመጣችው። ዱባይ በገበያ አዳራሾች የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ባልዲና ጨርቅ በትንሽ ጋሪ እየገፉ፣ መኪናውን በቆመበት የሚያጥቡ ሠራተኞችን ታይ ነበር። ባለመኪናው ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ መኪናው ጸድቶ ይጠብቀዋል። «ይህን እኔም አገሬ ገብቼ ልሠራው እችላለሁ» እያለች ስታሰላስል ኖራለች። ያጠራቀመችው ገንዘብ አለ። እኔም ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር የምጥለው ዕቁብ በዚያው ሰሞን ወጥቶልኝ ስለነበር፣ ለልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ያሰብሁትን ገንዘብ ላበድራት ተስማማሁ። እንግዲህ በሥራው ላይ የእርሷ የ6 ዓመት ላብና የእኔ ልጆች የዓመት ትምህርት አብረው ሊገቡ ነው ማለት ነው።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ላይ ነበር። እናታችን ከ20 ዓመት በላይ በአንድ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ሸጣ ያሳደገችን ሴት ናት። «ሰው ቦታሽን ካወቀ ይመጣል። ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የምትል ነጋዴ ማን ያምናታል?» አለች። እኔም ከእናቴ ጎን ቆምሁ። ላቫጆ ማለት በዓይነ ኅሊናዬ የሚታየኝ በመንገድ ዳር ያለ፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበት፣ ቱቦ የተዘረጋበት ግቢ ነበር። ባልዲ ይዞ ከደጅ ደጅ መዞር ሥራ ሳይሆን ልመና መስሎ ታየኝ። ይህን በማለቴ ዛሬ አፍራለሁ።

ከዚያ ቦታ ፍለጋ ጀመርን። በኅዳር 2017 ዓ.ም. አንድ የመንገድ ዳር ግቢ ተገኘ። ባለቤቱ የአንድ ዓመት ኪራይ በቅድሚያ ጠየቁ። ገንዘቡ የእኅቴን ተቀማጭ አብዛኛውን የሚጠርግ ቢሆንም፣ «ቦታው ሳያመልጠን» እያልሁ የቸኮልሁት እኔ ነበርሁ። ቀብድ ልንከፍል በምንሄድበት ጠዋት፣ ከግቢው አጠገብ ጎማ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ጠሩንና፣ «ልጆቼ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ ራሴ ዕቃዬን ልሰበስብ ነው» አሉን። ብንጠይቅ፣ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የከተማው የኮሪደር ልማት መሠረት መንገዱ ሲሰፋ የግቢው ፊት ለፊት በሙሉ የሚነሣ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ ይህን ያውቁ እንደሆነና እንዳልሆነ ለኅሊናቸው ትቼዋለሁ። እኛ ግን በአንድ ሽማግሌ ቃል የ6 ዓመት ድካም ተረፈልን። ስለዚህ እኅቶቼ፣ ቦታ ስትከራዩ ከኪራዩ ዋጋ አስቀድማችሁ የግቢውን ካርታ እዩ። በፕላን ምን እንደተያዘለት ከወረዳና ከክፍለ ከተማ ጠይቁ። ውሉንም በአፍ ሳይሆን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት አድርጉት።

ከዚህ በኋላ እኔ በጋዜጠኛነቴ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ፣ እኅቴ ደግሞ ሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ተነሣን። እርሷ በጥር ወር በአንድ ላቫጆ በረዳትነት ተቀጠረች። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ ተቀምጬ አይ ነበር።

ቋሚ ላቫጆ ከውጭ ሲያዩት ውሃና ሳሙና ብቻ ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ወለሉ ውሃው እንዳይተኛ ዘቅዘቅ ተደርጎ በሲሚንቶ መሠራት አለበት። የሚወርደው ውሃ ጭቃውን የሚያስቀርበት ጉድጓድና ዘይቱ ተንሳፍፎ የሚለይበት ሌላ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ትልልቅ ሮቶ ገዝቶ ማጠራቀም፣ ያም ካልበቃ በቦቴ ማስመጣት ግድ ነው። ከዚያ መብራት፣ ግፊት ሰጪው ማሽን፣ አየር መሙያው፣ የማታ ዘበኛ አለ። መኪና መጣም አልመጣም ኪራዩ ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

ጥቅሙም ቀላል አይደለም። በክረምት ጣሪያ ሥር ይሠራል። ወንበር አውጥቶ የሚታጠብና እስኪደርቅ የሚያድር መኪና የሚቀመጥበት አለው። የመኪና ወንበር ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከቀረ ይሻግታል፤ ሽታውም ባለቤቱን ከመኪናው ያስወጣዋል። እንዲህ ያለው ሥራና ቀለሙን የሚያበራው ፖሊሽ ጥላ፣ መብራትና ጊዜ ስለሚፈልግ ከቋሚ ቦታ ውጭ ይከብዳል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገርም ተማርሁ። ብዙ ላቫጆ የሚኖረው በእጥበቱ ብቻ ሳይሆን አብሮ በሚሰጠው ዘይት ቅያሪና ግሪስ ጭምር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በከተማችን በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ነው። እነዚህ የሞተር ዘይት አያስቀይሩም። ሆኖም እንደማንኛውም መኪና ይቆሽሻሉ፤ ልጆች ብስኩት ያፈሱባቸዋል፤ ጭቃ ይረግጡባቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ላቫጆ የምትከፍት ሴት በዘይት ቅያሪው ትርፍ ኪራይ እከፍላለሁ ብላ ብታሰላ፣ ሒሳቡን ደግማ ማየት ይኖርባታል።

ይህን ሁሉ በማስታወሻዬ ጽፌ አሁንም ልቤ ወደ ቋሚው ቦታ ያደላ ነበር። ልቤን ያስለወጠው ቁጥር አይደለም።

እኅቴ በላቫጆው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ትሠራለች። እሑድ ብዙ መኪና የሚታጠብበት ቀን ስለሆነ እሑድም ትገባለች። ልጅቱ ሳትነሣ ወጥታ፣ ልጅቱ ስትተኛ ትመለሳለች። አንድ ማታ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ልጅቱ አያቷን በሹክሹክታ ስትጠይቅ ሰማኋት። «እማዬ፣ መቼ ነው ተመልሳ የምትሄደው?» አለቻት። እናታችን መልስ አልሰጠችም። ጠጅሳር የምትለቅምበትን እጇን አቁማ ዝም አለች። እኅቴ በዚያ ሰዓት ገና መንገድ ላይ ነበረች። ለልጅቱ እናቷ ከዱባይ የተመለሰች ሴት ሳትሆን፣ አሁንም ያልመጣች ሴት ነበረች።

በማግስቱ ያንን የሰማሁትን ለእኅቴ ልንገራት አልንገራት ስል ዋልሁ። ነገርኋት። አላለቀሰችም። «እንግዲያው ሰዓቱን ነው መቁጠር ያለብን» አለች። እናታችንም ከዚያ ወዲያ ስለ ጉልቷ አላነሣችም።

ሰዓቱን ቆጠርን። ልጅቱ በ2 ሰዓት ትምህርት ቤት ትገባለች፤ በ9 ሰዓት ተኩል ትወጣለች። ቋሚ ቦታ የከፈተች ሴት በ9 ሰዓት በሯን ልትዘጋ አትችልም። ደንበኛ ከሥራ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነውና። ወደ ደንበኛው የምትሄድ ግን መኪናው ከሚቆምበት ሰዓት ጋር ሥራዋን ማስማማት ትችላለች። መኪና ደግሞ አብዛኛውን ቀን የሚውለው ቆሞ ነው። ባለቤቱ ቢሮ ሲሠራ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ቀጥሎ የውሃውን ሒሳብ ይዘን በግቢያችን ፈተና አደረግን። የእኛ ቧንቧ 20 ሊትር ጄሪካን ለመሙላት አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ፈጀበት። በዚህ መጠን ቱቦ ከፍቶ ለ15 ደቂቃ መኪና ማጠብ 200 ሊትር ማፍሰስ ነው። በሁለት ባልዲ፣ ማለትም በአንዱ የሳሙና ውሃ በሌላው ጨርቅ ማለቅለቂያ አድርጋ፣ የጎረቤት መኪና ስታጥብ ሁለት ጄሪካን በቃት። ጭቃ የሌለበትን፣ አቧራ ብቻ የያዘውን መኪና ደግሞ በእጅ መርጫና ለስላሳ ጨርቅ ከአንድ ጄሪካን ባነሰ ጨረሰች። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 500 ሊትር ሮቶ በባጃጅ ጭኖ መዞር ግማሽ ቶን መሸከም ነው፤ ነዳጁም፣ ጎማውም፣ አደጋውም አብሮ ይመጣል። በቀን 5 መኪና በባልዲ ለማጠብ ግን 10 ጄሪካን ይበቃል። ይህንንም ከሥራው ቦታ በስምምነት ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ልንገዛው ያሰብነውን ትልቁን ማሽንና ጀነሬተር ተውነው።

የሚፈሰውን ውሃ ጉዳይም አልዘለልነውም። ከመኪና የሚወርደው ውሃ ዘይትና ቅባት አለበት። በመንገድ ዳር ቦይ ገብቶ ወደ ወንዞቻችን፣ ከዚያም ወደ አቃቂ ይወርዳል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ከገበያ ገዝተን ለልጆቻችን የምናቀርበው አትክልት ነው። ከተማ አስተዳደሩም በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክሉትን የሚቀጣ ደንብ በሥራ ላይ አውሏል። በባልዲ የሚያጥብ ሰው የሚያፈሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ወደ ፍሳሽ መስመር ወስዶ መድፋት አይከብደውም። ቋሚ ቦታ የሚከፍት ግን የዘይት መለያ ጉድጓዱን ከሲሚንቶው ጋር አብሮ ማስላት አለበት።

በሌላ በኩል ተንቀሳቃሽ ሥራ እንከን የለውም አልልም። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ሴት ልጅ ብቻዋን ወደማታውቀው ሰው ግቢ መግባቷ ነበር። በዚህ ላይ ሦስት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ ብቻዋን አትሄድም፤ ከዱባይ የተመለሰች ጓደኛዋ አብራት ትሠራለች። ሁለተኛ፣ ከአጥር ግቢ ቤቶች ይልቅ ብዙ ሰው በሚያይበት የጋራ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትሠራለች። ሦስተኛ፣ የትና እስከ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ጠዋት በስልክ ትነግረኛለች።

መንገዱም ጊዜ ይበላል። አንዱ ደንበኛ ሲኤምሲ፣ ሌላው ጀሞ ከሆነ ቀኑ በታክሲ ወረፋ ያልቃል፤ ለመንገዱ ደግሞ ማንም አይከፍልም። ስለዚህ ደንበኞቹ በአንድ አካባቢ መሰብሰብ አለባቸው። የአዲስ አበባ ፀሐይም ጠንካራ ነው። በእኩለ ቀን በጋለ ኮፈን ላይ ሳሙና ከተቀባ ውሃ ሳይደርስበት ደርቆ ነጠብጣብ ይተዋል። በዚያ ሰዓት ሥራው ወደ ጥላና ወደ መኪናው ውስጥ መግባት አለበት። ፈቃድን በተመለከተም «እኔ ተንቀሳቃሽ ነኝ» ማለት ከንግድ ፈቃድና ከግብር ነፃ ነኝ ማለት አይደለም። እኅቴ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሯን አውጥታ ነው የጀመረችው።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ የነዋሪዎች ማኅበር ጋር ተነጋግራ ሥራ ጀመረች። ግቢው ያጠራቀመውን ውሃ በጄሪካን እየቆጠረች ትከፍላለች። ቆሻሻውን ውሃ በተነገራት ቦታ ትደፋለች። 14 ባለመኪናዎች በወር ክፍያ ተመዘገቡ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው መኪናቸው ላይ ጭረት አይተው «አንቺ ነሽ የጫርሽው» ብለው ተቆጧት። ጭረቱ አሮጌ መሆኑን ዘበኛው ባይመሰክርላት ኖሮ ልትከፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ከማንሣቷ በፊት መኪናውን ዞራ በስልኳ ፎቶ ታነሣለች። በውስጡ ያገኘችውን ዕቃ፣ ሳንቲም እንኳ ቢሆን፣ በፖስታ አድርጋ ለባለቤቱ ትመልሳለች። ከዚህም በላይ፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና የመኪናውን ሰም ስለሚያነሣ የመኪና ሻምፖ ትጠቀማለች፤ ከላይ ጀምራ ወደ ታች ታጥባለች፤ ለቸርኬው ጨርቅ ለብቻ አላት። አሸዋ የያዘ የጎማ ጨርቅ በር ላይ ቢያርፍ እውነተኛ ጭረት ያመጣልና።

ክረምቱ ከብዶ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ያጠበውን መኪና ማን ያሳጥባል? ሁለት ሰዎች ውላቸውን አቋረጡ፤ ገቢዋም በግማሽ ያህል ወረደ። በዚያን ጊዜ ከመሬት በታች ባለው መኪና ማቆሚያ የውስጥ ጽዳት ብቻ እየሠራች ከረመች። ጣሪያ ያለው ላቫጆ ቢኖረን ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ወራት የምትከፍለው ኪራይ አልነበረባትም። ዓመቱ ሲዞር አልከበረችም፤ አልከሰረችምም። ለሥራው ያወጣችው ከነበራት ገንዘብ ሢሶ አይሞላም። የቀረው ባንክ ነው። የእኔም የዕቁብ ገንዘብ ሳይነካ ለልጆቼ ትምህርት ዋለ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ስል ተንቀሳቃሹ ሥራ ለሁሉ ይሻላል ማለቴ አይደለም። የራሷ የመንገድ ዳር ግቢ ያላት፣ ልጆቿ ያደጉላት፣ ያለ ትርፍ ስድስት ወር የሚያቆያት ገንዘብ የያዘች፣ ወንበርና ፖሊሽ የመሳሰለውን ከባድ ሥራ የተማረች ሴት ቋሚ ቦታ ብትከፍት መልካም ታደርጋለች። የእናታችንም ቃል እውነት አለው፤ ሰው ቦታሽን ካወቀ ይመጣል። እኅቴም ብትሆን ልጅቱ ከፍ ስትል ትንሽ ጣሪያ ያለው ቦታ የመከራየት ሐሳብ አላት። ያን ጊዜ ደንበኞቿን ይዛ ትገባለች እንጂ ደንበኛ ፍለጋ በር ከፍታ አትቀመጥም። እኔ የምለው፣ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጣችሁ በፊት ብሩን ብቻ ሳይሆን የቀኑንም ሰዓት ቁጠሩ ነው። ሥራው የሚወስደው ሰዓት የማን ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ።

ልጅቱ እናቷን ዛሬም በስሟ ነው የምትጠራት። እኅቴም አታስገድዳትም። ነገር ግን ባለፈው ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ልጅቱ ግቢያችን ውስጥ የታጠቡትን ጨርቆች ገመድ ላይ ስታሰጣ አገኘኋት። ለስላሳዎቹን በአንድ ወገን፣ የጎማውን ጨርቅ በሌላ ወገን ለይታ ነበር የምታሰጣው። እኅቴ ባልዲዋን ስታነሣ ቀና ብላ፣

«መቼ ትመጫለሽ?» አለቻት።

«በ9 ሰዓት።»

ልጅቱም «እሺ» ብላ ወደ ጨርቆቿ ተመለሰች። በ9 ሰዓት እንደምትመጣ ታውቃለች።